የዞምቢው ፊልም ክፍል ሁለትና የእማዬ መንጃ ፈቃድ

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬም የሆነ ቦታ የጭነት መኪና ወደኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ሬይኖልድስበርግ የነበረው የአፓርታማችን ሳሎን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ አባዬ ሪሞቱን ይዞ፣ ታናሽ እህቴ ሊያ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እማዬ ደግሞ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ መሪ የያዘች ይመስል ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ።

ከዚያ በፊት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ እማዬ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር። መንገድ ላይ መንዳቱን አሳምራ ትችለው ነበር፤ የሚጥላት በፕላስቲክ ኮኖች መካከል ገብቶ፣ ታጥፎ፣ በኋላ ማርሽ መውጣቱ ነበር። በመጀመሪያው ፈተና አንዱን ኮን ገጭታ ጣለችና መኪናውን አቁማ፣ ወርዳ፣ ኮኑን አንስታ፣ በሻርፗ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ፣ «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለች ቦታው መለሰችው። በሁለተኛው ደግሞ እንዳትገጭ ፈርታ መሃል ላይ ቆመች፤ ፈታኙ ቢለምናት ቢለምናት መኪናውን ንቅንቅ ሳታደርግ ቀረች።

እየሳቅን እናወራው ነበር እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባዬ ከመጋዘን ሥራ የሚያወጣው፣ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልስበት የትራክ ሥራ አግኝቶ፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ መልስ ስጥ ተብሎ ነበር። እሱ ከሄደ ግን እማዬን ቤክስሊ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሚያደርሳት አልነበረም። እሷ ካላለፈች እሱ ሥራውን ይተወዋል ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ማናችንም ግን ጮክ ብለን አንናገረውም ነበር።

በረዶው መጣና ልምምዱ ቆመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ተዘግተን ፊልም እናይ ነበር፤ አባዬ ደግሞ ዞምቢ የሚባል፣ ሞቶ ተነሥቶ ሰው የሚበላ ፍጡር ያለበት ፊልም ነፍሱ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሲከፍትልን ሰዎቹ ምድር ቤት ተደብቀው ይንሾካሾካሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሞታሉ። እማዬ «አሁን ይሄ ፊልም ነው ለቅሶ ቤት?» ብላ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሩጫና ጥይት ሆነ፤ አንዲት ሴትዮ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ይዛ ሰው ያለቀበትን ከተማ ታምሰዋለች።

እማዬ መጀመሪያ ያዘነችው ለዞምቢዎቹ ነበር።

«ምስኪኖች! ታመው እኮ ነው። ያንን ሽማግሌ እዩት እስቲ፣ አረማመዱ ልክ እኛ ጋ ክፍል ዘጠኝ እንዳሉት ሰውዬ!»

«ማም፣ ሊበሏት እኮ ነው!» አለች ሊያ።

«ቢሆንስ? ሰው እንዲህ ይገጫል?»

ከዚያ ሴትዮዋ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገብታ ፊቷ ተዘጋባት፣ ግራና ቀኙም በዞምቢ ተሞላ። ኋላ ማርሽ አስገባች። መኪናው ጢጥ ጢጥ እያለ፣ እነሱ መስኮቱን በጥፍራቸው እየቧጠጡባት፣ አንዴም ሳታያቸው ቀጥ ብላ ወጣች።

«ሰለሞን፣ መልሰው!» ብላ እማዬ ከሶፋው ተነሣች። አባዬ መለሰው። «አሁንም መልሰው! ዓይኗን አየህልኝ? መሄጃዋን ነው የምታየው። እነሱን ከነመፈጠራቸው አላወቀቻቸውም እኮ!»

በዚያ የበረዶ ወራት ያንን ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየነው እንጃ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ የመጀመሪያው ይሻላል፣ ሁለተኛው ጩኸት ብቻ ነው ይሉ ነበር፤ እኔም አዋቂ ለመምሰል አብሬያቸው እል ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ነገር አይ ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ሰዎቹ የሚያድናቸው ይጠብቃሉ፤ በሁለተኛው ማንም እንደማይመጣ ገብቷቸው መኪና ያስነሳሉ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ውላ፣ በር ላይ መኪና ስትጠብቅ የሚመሽባት እናቴ ከዚህ የተሻለ ፊልም ከየት ታመጣ?

በረዶው ሲቀልጥ የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ሎት ውስጥ በኮን ፈንታ አምስት ባዶ የውሃ ጋሎን ደረደርን። እኔና ሊያ ከጋሎኖቹ ራቅ ብለን፣ ክንዳችንን ዘርግተን፣ እንደ ዞምቢ እናጓራ ነበር።

«እነሱን አትዪ፣ አስቱ! መሄጃሽን!» ይል ነበር አባዬ።

«ልጆቼን እንዴት አላይ?»

«ዛሬ ልጆችሽ አይደሉም!»

ሊያ ይባስ ብላ ዓይኗን ገልብጣ መሬት ላይ ትንፈራፈር ነበር። አንድ ቅዳሜማ ከመዝሙር ልምምድ የወጡት የኳየር ሴቶች አይተውን ክው ብለው ቀሩና፣ አንዷ «ኢየሱስ! እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» ብላ እጇን እራሳችን ላይ ልትጭን እየሮጠች መጣች። እማዬ መሪው ላይ ተደፍታ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ያን ቀን ግን አንድም ጋሎን አልጣለችም።

የሦስተኛው ፈተና ቀን እኛ ከፈተናው ግቢ አጥር ማዶ ቆመን ነበር። እማዬ ገባች፣ ታጠፈች፣ ኋላ ማርሽ አስገባች። የመኪናው ጎን የጥጉን ኮን ነካውና ኮኑ ተወዛወዘ። አባዬ እጄን ጨመቀኝ። አሁን ልትቆም ነው፣ አሁን ልትወርድ ነው እያልኩ ሳለ፣ ኮኑ ሳይወድቅ ረጋ፣ እሷም ቀጥ ብላ ወጣች።

የማለፊያ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ አባዬ «ኮኑን ስትነኪው እኮ ነፍሴ ወጣች!» አላት።

«የቱን ኮን?» አለች፣ ከልቧ።

አባዬ አቀፋት፣ ሊያ ዘለለች። በሰው እንዲህ መኩራት እንዳለ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ኢስትሙር በተከራየኋት ክፍል ያለው ቴሌቪዥን ከዚያኛው ይበልጣል፣ ድምፁም ይጠራል፤ ፊልም ግን እንደዚያ አይቼ አላውቅም።

ፈተናውን ባለፈች በሁለተኛው ሳምንት አባዬ የትራክ ሥራውን ጀመረ። እማዬ ሻንጣውን ኋላ ወንበር ላይ ጫነች፣ ትራኮቹ የሚቆሙበት ግቢ ድረስ ነድታ አወረደችው፣ ከዚያ ወደ ቤክስሊ አቅንታ ፈረቃዋ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሥራ ገባች።