ጳጉሜ ላይ ያበበችው ደጋሊት

ሳቢራ የማሽላ ተመራማሪ መሆኗን ቆቦ ውስጥ ብዙ ሰው ያውቃል። ሥራውን እንዴት እንደምትሠራው የሚያውቅ ግን የለም። በጦርነቱ ጊዜ የቢሮዋ ኮምፒውተሮች ተዘረፉ፤ ባልደረቦቿም አንድ በአንድ ተዛወሩ፤ እሷ ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ቀረች። የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ፈቃድ የሚገዛላት አልነበረም። ስለዚህ «አር» የሚባለውን፣ ማንም በነጻ አውርዶ የሚሠራበትን፣ ውስጡንም ከፍቶ የሚያይበትን ፕሮግራም ብቻዋን ተማረች። ቆቦ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ በሚኒባስ ጎረቤት ከተማ ወደሆነችው ዋጃ ሄዳ፣ መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ተቀምጣ መመሪያ ታወርድ ነበር።

«ትምህርቱ አያልቅም እንዴ?» ትላታለች አስተናጋጇ።

«አያልቅም» ትላለች ሳቢራ። ብዙ ቀን ከሰው ጋር የምትነጋገረው ይኸው ብቻ ነበር።

በሠላሳ ስድስት ዓመቷ አንድ ጽሑፍ አጠናቀቀች። ጎብዬ አጠገብ ባለ የሙከራ ማሳ ላይ ደጋሊትን፣ የራያ ቆላ ገበሬ ከጥንት የሚዘራትን ዘግይታ የምትደርስ ማሽላ፣ ከአዳዲስ ዝርያዎች ጋር አወዳድራ ነበር። ውጤቱ በድርቅ ዓመት ደጋሊት ከተዘራችባቸው የማሳ መደቦች አብዛኞቹ ሳያብቡ ይደርቃሉ፤ ገበሬው ቢተዋት ይሻለዋል የሚል ነው። የውጭ አገር መጽሔት ተቀበለው። ለዶክትሬት ትምህርት የተመረጠችበት ስኮላርሺፕ የሚጠይቀውም ይህንኑ የመቀበያ ደብዳቤ ነበር፤ ማስገቢያው የሚያዝያ መጨረሻ ነው። መጽሔቱ ስላዘዘም መረጃዋንና ኮዷን፣ ለፕሮግራሙ መስመር በመስመር የጻፈችውን ትእዛዝ፣ ማንም በሚያየው ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠች። በስምንት ወር ውስጥ የከፈተው ሰው አልነበረም።

በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ጎብዬ ወረደች። ጋሼ አራጌ፣ በማሳው ላይ መዝገብ የሚይዙት አዛውንት፣ ዘር እየለዩ ነበር።

«ጋሼ አራጌ፣ ዘንድሮ ደጋሊትን አንዘራም።»

«ለምን ሲባል?»

«በድርቁ ዓመት አላበበችማ። ጥናቱ ያወጣው እንደዚያ ነው።»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «አላበበችም? ጳጉሜን ሙሉ ዛላዋን ስቆጥር ወገቤ ተቆርጦ የለም እንዴ! ጽፌም ሰጥቼሻለሁ።»

«ውጤቱ ላይ አላየሁትም።»

«እንግዲያው ያን ኮምፒውተርሽን አምጪውና ማሳ ለማሳ እናዙረው። እሱም አይኑ ይገለጥ!»

ሳቢራ ሳቀች። ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን ሳቋ ጠፋ። ቢሮ ገብታ የአራጌን መዝገብ ገለጠች። ቀንና ወሩ 2/13፣ 4/13፣ 5/13 ይላል፤ አሥራ አንድ መደብ፣ ሁሉም የደጋሊት፣ ሁሉም ጳጉሜ ላይ ያበቡ። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከመለወጧ በፊት እንዲያነብ የሰጠችው ፕሮግራም አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። አሥራ ሦስተኛውን ሲያገኝ ቦታውን ባዶ አደረገው። ባዶ የሆነው ሁሉ እንዳላበበ ይቆጠር የሚለውን መስመር የጻፈችው ደግሞ ራሷ ናት። ያን መስመር ደጋግማ አነበበችው።

የጽሑፉ ተባባሪ ጸሐፊ ወደሆነው ወደ ዶክተር ሙንተሲር አዲስ አበባ ደውላ ስህተቱን ነገረችው።

«እኔ አላየሁትም፤ ገምጋሚዎቹም አላዩትም» አላት። «ማን ሊያየው ነው?»

«ኮዱ ክፍት ነው እኮ።»

«ክፍት ነው፤ ማን ከፈተው?»

ሳቢራ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሳቢራ፣ ስሚኝ። ደብዳቤውን አስገቢ፣ ሂጂ፣ እዚያ ሆነሽ ታርሚዋለሽ። አሥር ዓመት ቆቦ ላይ ተቀመጥሽ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ብቻሽን፤ አይበቃሽም?»

ስልኩን ዘግታ ድረ ገጹን ከፈተች፤ አሁንም የጎበኘው የለም። አንድ ሰው፣ የትም አገር ያለ የማታውቀው ሰው፣ ኮዱን ከፍቶ «ይህ መስመር ልክ አይደለም» ብሎ ቢጽፍላት ደስ ባላት ነበር። የሚጽፍላት እንደሌለ ታውቃለች። ዝም ብትል ግን ጽሑፉ ለወረዳው ምክር ሆኖ ይወርዳል፤ የሚቀጥለው ዓመት ዘር በእሱ ይመረጣል።

ሦስት ቀን ሙሉ ጳጉሜን የሚያነብ ኮድ ጻፈች፤ ከአራጌ መዝገብ ጋር እያስተያየች ፈተሸችው። ደጋሊት ከሌሎቹ ዘግይታ ነው ያበበችው፤ ግን አብባለች። ከዚያ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጻፈች፦ «ስህተቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የእኔ ነው። ያልተነበበውን እንዳልነበረ ቆጠርኩት። ጽሑፉ እንዳይታተም እለምናለሁ።» የታረመውንም ኮድ ከስህተቱ ማብራሪያ ጋር በዚያው ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠች።

መልሱ በአራተኛው ቀን ደረሰ፤ ሦስት መስመር ነው። ጽሑፉ ከኅትመት ተነሥቷል፤ እንደ አዲስ ልትልከው ትችላለች፤ ስለ ሐቀኝነቷ ያመሰግኗታል። አዲስ ግምገማ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈጃል። የስኮላርሺፑ ቀን ሊያልፍ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ቢሮው ውስጥ የምትነግረው ሰው ስላልነበረ አራጌ ጋ ደወለች።

«ደጋሊት ትዘራ።»

«ብዬሽ አልነበር!» አሉ በደስታ። ከዚያ ቆም ብለው «ድምፅሽ ምነው?» አሉ።

«ምንም አይደለም ጋሼ።»

«በይ እንግዲህ ነገ በጧት ነይ። ገመድ የሚይዝልኝ ሰው የለም።»

በማግስቱ ሄደች። መደቦቹን ለማስመር የገመዱን አንድ ጫፍ እሷ ያዘች፤ አራጌ ሌላውን ይዘው እስከ ማሳው ወዲያኛው ዳር ራቁ። የሚናገሩት ሊሰማት አልቻለም። እጃቸውን ሲያነሡ ገመዱን ወጠረች፤ ዝቅ ሲያደርጉ ችካሉን ተከለች።