ተነሺና ተቀማጭ

የከተማው የረጅም ጊዜ ፕላን ሊወጣ ነው፣ ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት ተባለና ካዛንቺስ የቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። እኔ የሄድኩት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ነው። ማን መረጠሽ ብትሉኝ፣ ማንም። «የሷ ጽሕፈት ይነበባል» ተብዬ ነው፤ ያውም በነጻ። ደስ ብሎኝ አገለገልኩ ብዬ አልዋሽም። ስብሰባ አልወድም፣ ጠዋት ተጠርቶ ለምሳ ሲቃረብ የሚጀመረውን ደግሞ በተለይ።

ከጎኔ እትዬ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። የሚኖሩት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ ውሉ ግን በአጎታቸው ልጅ ስም ነው። እሳቸው በአንዲት ክፍል ደባል ናቸው። ደባል በቀበሌ ቋንቋ በሰው ውል ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነው። ኪራይ ያዋጣል፣ ጣራ ያስጠግናል፣ ቤት ይሰጥ ሲባል ግን የለም። እትዬ ወደ ስብሰባው የመጡት ለአንድ ጥያቄ ነበር፦ ሰፈሩ ከፈረሰ ደባል ምትክ ቤት ያገኛል ወይስ ሜዳ ላይ ይቀራል? ጥያቄውን ሲለማመዱት ከርመዋል። እናቴ ሰብሳቢ እየሆነችላቸው «ጮክ በይ እንጂ፣ ማንን ፈርተሽ ነው!» ስትላቸው እሰማ ነበር።

ከፕላን ቢሮ የመጣው ባለሙያ መነጽር ያደረገ፣ ሥርዓት ያለው ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ ባለቀለም ካርታ ለጠፈ። ሰፈራችን ሐምራዊ ሆናለች። ሐምራዊው ምንድነው ሲባል «ቅይጥ አገልግሎት» አለ፤ ማንም አልገባውም፣ ማንም ግን ደግሞ አልጠየቀም። ቀጠለና «የእናንተ ሐሳብ ለፕላኑ ትልቅ ግብዓት ነው» ከማለቱ፣ የእድራችን ዳኛ ከኋላ ሆነው «ግብዓተ መሬት ነው ያልከው ልጄ?» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ስንቱን የቀበሩ ሰው ናቸው፣ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ አስተያየቱ ወረደ። ስለ ፍሳሽ ተነገረ፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳ ተነገረ። አንድ ሰውዬ ባምቢስ አካባቢ ስላለው የመኪና መጨናነቅ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ መኪና የላቸውም። አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ «ፕላኑ አሪፍ ነው፣ ማለቴ፣ በቃ ችግር የለውም፤ ግን ካርታው ላይ ሰው የለም እኮ!» ብሎ ተጨበጨበለት። ሁሉንም ጻፍኩ። እትዬ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ያነሱና መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ይከቱታል። በክርኔ ጎሸም አደርጋቸዋለሁ፣ ወይ ፍንክች!

ባለሙያው ወረቀቱን ገለጠ፣ የሚቀጥለውን ርዕስ አነበበ። «ተነሺ» አለና ቀና ሲል ዓይኑ ፊት ለፊቱ ያሉት እትዬ ላይ አረፈ። በቢሮ ቋንቋ ተነሺ ማለት ለልማት ተብሎ ከቦታው የሚነሳ ሰው ነው። እትዬ ይኼን ከየት ያውቃሉ? እንደ ተማሪ ብድግ አሉ።

ሳቁ አይነገርም። እኔንም አመለጠኝ፣ ወዲያው ደግሞ በሳቂው ሁሉ ተናደድኩ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ሳቁ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁና «ካስነሳኸኝ አይቀር ልናገር» አሉ። «ደባል ነኝ። ቤቱ ሲፈርስ እኔ የት ልሁን?»

ባለሙያው መነጽሩን አስተካከለ። «እናቴ፣ ተነሺ የሚባለው ከቀበሌ ጋር በስሙ ውል ያለው ነው። እርስዎ እንግዲህ በመመሪያው መሠረት ተነሺ አይደሉም።»

«አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ልቀመጥ?»

«ይቀመጡ እናቴ፣ ይቀመጡ።»

ቁጭ አሉና ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ጻፍሽው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ተነሺ አይደለሽም፣ ተቀመጪ ያለኝን ነዋ!»

አንጀቴን በሉት። «እትዬ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ ነው ያለዎት እኮ» አልኳቸው በቀስታ።

ገላመጡኝ። «ሞኝሽን ፈልጊ! አማርኛ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ይኼ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ ተናግሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃል በቃል ጻፊው።» ጻፍኩት።

ቤታችን የፈረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። እትዬ ወረዳ ድረስ ሄደው ተቀመጪ በተባሉት ቃል ተከራከሩ። ኃላፊው ከልቡ ሳቀ፣ ሻይ አስመጣላቸው፣ ቤት ግን የለም አላቸው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ዕድለኞች ነበሩ፤ ለእኛ የወጣልን ከከተማው ዳር ነው። ባለ ውሉ የእትዬ የአጎት ልጅም ምትኩን ቤት ይዞ ለብቻው ሄዷል። ዕቃ የጫንን ዕለት እትዬ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። የት እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቃቸውም፤ መልስ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናቴ ከመኪናው አጠገብ ሆና «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? አምጪው ያን ፍራሽ!» አለቻቸው። በዚህ ጉዳይ ሌላ ውይይት አልተደረገም።

አዲሱ ቤት ገና ሳንደላደል ነዋሪ የምትመዘግብ ልጅ በር አንኳኳች። እኔንና እናቴን መዝግባ እትዬን አየቻቸው።

«እሳቸው ምንዎ ናቸው?» አለች እናቴን።

እትዬ አንገታቸውን ደፍተው «እኔ እንኳ ደባል...» ብለው ሲጀምሩ እናቴ አላስጨረሰቻቸውም። «እህቴ ናት» አለች።

«በአባት ነው በእናት?»

«በግድግዳ!» አለች እናቴ። «በአንድ ግድግዳ ስንኖር ነው ያረጀነው። ስታስል እሰማታለሁ፣ ስቆጣ ትሰማኛለች። ከዚህ የበለጠ እህት ካለሽ እሱን ጻፊ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ አመነታች፣ ከዚያ «እህት» ብላ ጻፈች። እትዬ ጓዳ ገብተው አለቀሱ። እናቴ ከሳሎን ሆና «ደግሞ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው!» ብላ ተቆጣቻቸው፤ የሷም ድምፅ ግን ደህና አልነበረም።