ለሁለት ጊታር አንድ ማጉያ

ነጋዴው የጭነት መኪናውን ሞተር አላጠፋም። "ቶሎ በሉ እንጂ! አንዱን ምረጡ፣ ሌላውን ደሴ የሚጠብቀው ሰው አለ። ወላሂ መሸብኝ!" ይላል ከበራችን ላይ። በረንዳው ላይ ሁለት አምፕሊፋየር ተቀምጧል፤ አንዱ ትልቅ ጥቁር፣ አንዱ ትንሽ ግራጫ። አቅማችን ለአንድ ብቻ ነው፤ ጊታራችን ግን ሁለት። የእኔ የኤሌክትሪክ፣ የባለቤቴ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ማይክ የተገጠመለት ቦክስ ጊታር። ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ባለው ሆቴል ጃዝ ልንጫወት ቃል ገብተናል።

ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጭቀናል። ባለቤቴ ሁለቱንም የሚያሰማ ይሁን ይላል። እኔ የምፈልገው የእኔን ወፈር፣ ለስለስ አድርጎ የሚያወጣውን ነው። "ሁልጊዜ ላንተ፣ ላንተ! እስከ መቼ?" ብዬ ጮኼበታለሁ። ሁለታችንም ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን አስተማሪዎች ነን። በዚያ ሙቀት ክፍል ውስጥ ውለን፣ ማለቂያ በሌለው ግምገማ ደርቀን፣ ሰው የምንሆነው አብረን ስንጫወት ብቻ ነበር። መጫወቱ ከቀረ ምን ይቀረናል?

ክረምቱ ሲወጣ ወባ ጥሎት ነበር። ኩዊኒን የሚሉትን የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ሲሰጡት ሰንብቶ፣ ተመስገን፣ ተረፈልኝ። ከመድኃኒቱ የተነሳ ጆሮዬ ይጮኻል ይል ነበር። ያልፋል ተባለ፤ በኋላም አልፏል አለኝ። ጊታሬን የሚቃኝልኝ እሱ ነው፤ ሰሞኑን ግን "ራስሽ ቃኚው" ማለት አብዝቷል። ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቼዋለሁ።

"በቃ፣ ጆሮ ያለህ አንተ ነህ፤ አንተው ፍረድ" አልኩት ተናድጄ።

ግራጫውን ሞከርን። የእሱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ የእኔ እንደ ቆርቆሮ ተንቃጨለ። ጥቁሩ ላይ ስሰካ ግን፣ ወይኔ! ያ የተመኘሁት ድምፅ መጣ። ከዚያ እሱ ሰካና አምፕሊፋየሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጀመረ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ቀጥሎ ከአምፕሊፋየሩ አንድ ቀጭን ፉጨት ተነሳ። ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ጥርሴን አፋጨኝ። ነጋዴው ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ ፊቱን አጨማደደ። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ሲጨርስ ፈገግ አለ። "ይሄኛው! እንዴት ጥርት ይላል! ላንቺም ይሆንሻል፤ ደስ አይልሽም?"

የተጨቃጨቅኩለትን በገዛ አፉ ሰጠኝ፤ እሺ ብል አለቀ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

"አይሆንም፤ ግራጫውን ነው የምንወስደው።"

"ያንቺን እኮ ያቀጥነዋል!"

"ይቅጠን!"

ነጋዴው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። "እህቴ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጥቁሩን ጭኖ ሄደ።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ ባለቤቴ። "የፈለግሽውን ሰጥቼሽ?"

"ያፏጫል።"

"መቼ?"

እጄን ዘርግቼ ጆሮውን ነካሁት። ዕንባዬን ሲያይ ገባው። ጊታሩን ደረቱ ላይ አቀፈ።

"እንግዲያው ቅዳሜ አጠገቤ ተቀመጪ" አለኝ በመጨረሻ። "ካፏጨ እግሬን ርገጪኝ።"

"እሰብርልሃለሁ!" አልኩትና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።