መከራ ይምከራት

ኮምቦልቻ ውስጥ ሙዓዊያን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ መሆን አለበት። ግራ ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ከባጃጁ ሲወርድ መጀመሪያ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ያወጣል፣ ከዚያ ራሱ ይከተላል። ተሳፋሪው ከንፈሩን ሊመጥ ሲል፣ «እሱ ቀድሞ ይውረድ፣ እኔ እደርሳለሁ» ብሎ ያስቀዋል። የሳቀ ሰው ብዙ እንደማይጠይቅ ያውቃል።

ጉልበቱ የተሰበረው ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ የጅቡቲን በረሃ በእግሩ ሲያቋርጥ ነው። ሌሊት ጥቁር ድንጋይ ላይ ወደቀ። ከቦሩ ሜዳ አብሮት የወጣው፣ ከአንድ ሳህን ሲበላ የኖረው ጓደኛው በሺር ከፊቱ ነበር። ሙዓዊያ ጠራው። በሺር ከሌሎቹ ተጓዦች ጋር ሄደ። ሲነጋ ግመል የሚነዱ አፋሮች አገኙት፤ ወተት አጠጡት፣ አስታመሙት፣ በኋላም ወደ አገሩ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ጫኑት። ባሕሩን እንኳ ሳያይ ተመለሰ። በሺር ዛሬ ጅዳ ነው። ዒድ በመጣ ቁጥር ድምፁን ቀርጾ በስልክ ይልክለታል፤ ሙዓዊያ አንዱንም ከፍቶ ሰምቶት አያውቅም። ግን ስሙን አያጠፋም። ሰው ሲጠይቀው፣ «ነፋስ ነበር፣ አልሰማኝም» ይላል።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ታናሽ እህቱ ዊዳድ አንድ ቀን መጥታ፣ «ወንድምዓለም፣ እኔም ልሄድ ነው» ያለችው።

ዊዳድ እዚያው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የምትውል ልጅ ናት። ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም። አብሮ አደጓ ሳፊያ በዚያው በእግር መንገድ ሄዳ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት አሠርታለች። የእነሙዓዊያ እናት እመት ፋጡማ ጎረቤት ናቸው፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ጠዋት ማታ ያዩታል። ልጃቸውን ሂጂ አላሏትም፣ አትሂጂም አላሏትም። ዝም ማለታቸው ለዊዳድ በቂ ነበር።

ሙዓዊያ ያላለው የለም። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየ። «አንተን የጣለህ በረሃ እኔን ያሳልፈኝ ይሆናል፤ አላህ ነው የሚያውቀው» አለችው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው ይባላል። ሙዓዊያ ይህችን አባባል ሲያብላላት ሰነበተና ብልሃት መጣለት። እሱ ብልሃት ብሎታል፤ እኔስ ስሙን አላውቅለትም። በረሃ ድረስ ሄዳ ከምትቀምሰው፣ መከራውን እዚሁ በእጁ ለምን አያቀምሳትም? ሳትሞት ትመከራለች።

«ትሄጃለሽ» አላት። «ግን እኔ አዘጋጅቼሽ ነው። ካዘዝኩሽ አንዲቷ ካቃተችሽ ይቀራል።»

«ይቀራል።»

«ማይልኝ።»

«ወላሂ ይቀራል» አለች።

ፈረቃዋ ከሰዓት በሚሆንባቸው ቀኖች፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይወጣሉ። ከበረሃ የተረፈችውን የራሱን የጀርባ ቦርሳ አሸዋ ሞልቶ አሸከማት። ኮንጎ ጫማ አደረገላት፤ በረሃ ሰው አማርጦ አይረግጥም ብሎ። እሷ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሽቅብ ትወጣለች፣ እሱ ባጃጁን እያዘገመ ከኋላ ይከተላታል። የከባድ መኪና ሾፌሮች አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንተ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ፣ አትጭናትም እንዴ?» ይሉታል። ውሃ ሲጠማት ምላሷን ብቻ አርሳ ጠርሙሱን ትመልሳለች። ምሳዋ በሶ ነው፤ እሱም ተቆንጥሮ።

በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ ዳር ተቀምጣ እንድታለቅስ ነበር የጠበቀው። አለቀሰች፤ ግን እየሄደች አለቀሰች። እግሯ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ። ማሰሪያው የላጠው ትከሻዋ ጠቆረ። እያደር ዳገቱ ላይ ትንፋሿ መሰማቱን ተወ። ሙዓዊያ አሸዋ ጨመረ። እሱንም ቻለችው። ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃና በጨው የሚያጥብላት ራሱ ነው፤ አንጀቱ አይችልማ። ጠዋት የሰበራትን ማታ ይጠግናታል። ሰው ልስበር ብሎ እንዲህ ሲያጠነክር አይቼ አላውቅም።

ከሁሉ የከፋውን ትምህርት ያስተማራት እግሯን እያጠበ ነው።

«በረሃ ላይ ዞሮ ማየት ነው የሚገድለው» አላት። «የወደቀ ሰው ይጠራሻል። ከዞርሽ ትቀመጫለሽ፣ ከተቀመጥሽ እዚያው ትቀሪያለሽ። እናትሽም ብትሆን አትዙሪ።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔም ብሆን።»

ያን ጊዜ የመጨረሻው ፈተና ታየው። ጥሙን ችላለች፣ ዳገቱን ችላለች፤ ይህን ግን አትችልም። ያኔ ተሰብሮ ሲመጣ ደግፋ ፀሐይ የምታወጣው፣ ሲያቃስት አልጋው ሥር ተቀምጣ የምታድረው ዊዳድ ነበረች። እሱ እየጠራት ልትሄድ? አይሆንም። ትዞራለች፤ ስትዞር መሐላዋ ይይዛታል፣ ነገሩም ማንም ሳይጎዳ ያልቃል። እንዲህ ብሎ ካሰበ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያልተኛውን እንቅልፍ ተኛ።

በፈተናው ቀን ባጃጁን ሐረጎ ላይ አቆመና ምርኩዝ ይዞ ወረደ። «ዛሬ አብሬሽ በእግሬ ነው። ቅደሚ» አላት። ጭጋጉ ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ምርኩዙን ለቀቀና ጠጠሩ ላይ ወደቀ።

«ዊዳድ» ብሎ ተጣራ። «ዊዳድ፣ ጉልበቴ።»

ቆመች።

ከኋላ የሚታየው ቦርሳውና ከቦርሳው በላይ ሻሿ ብቻ ነበር። ትከሻዋ ከፍ አለና ወረደ። ደግሞ ጠራት፤ በዚህኛው ድምፁ ውስጥ ማስመሰል አልነበረም። ዊዳድ ማሰሪያውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሳበች፣ ቦርሳውን ጀርባዋ ላይ አደላደለች፣ ሄደች። መታጠፊያው ጋረዳት።

ሙዓዊያ ከወደቀበት አልተነሳም። ያኔ በረሃው ጨለማ ስለነበር የበሺርን ጀርባ አላየውም። ሰው እየሰማ ሲሄድ ጀርባው ምን እንደሚመስል ገና ዛሬ አየ። በሺርም እንዲህ ቆሞ፣ እንዲህ ማሰሪያውን ስቦ ነው የሄደው። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ሲያውቅ አለቀሰ፤ ለራሱ ይሁን ለበሺር ይሁን ለእሷ አልለየውም።

አንድ ሚኒባስ አንስቶ ደሴ አደረሰው። ዊዳድን መናኸሪያው አጠገብ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ከንፈሯ ደርቋል፣ የውሃው ጠርሙስ ጭኗ ላይ ነው፣ አልተነካም። አጠገቧ ተቀመጠ።

«የውሸቴን ነበር» አላት። «ልፈትንሽ ብዬ ነው።»

«እኔ የምርህን መስሎኝ ነበር» አለች።

የጠርሙሱን ክዳን ከፍቶ ሰጣት።

«የምርህን መስሎኝ ነው የሄድኩት፣ ወንድምዓለም። አለፍኩ?»

ውሸት መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። «አለፍሽ» አላት። በመልሱ ሚኒባስ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ትከሻው ላይ ተደግፋ ተኛች።

አንድ በር ቀርቶት ነበርና ቦሩ ሜዳ ሄደ። «እማ፣ እርስዎ አትሂጂ ካሏት ትቀራለች፤ አንድ ቃል ይበሉልኝ» ብሎ ለመነ። እመት ፋጡማ ቀና ብለው አዩት።

«ዳገት ለዳገት ሲያመላልሳት የከረመው ማን ነው?» አሉት። «እኔማ አንተ ስታዘጋጃት አይቼ ነው ልቤ የቆረጠ። እሱ ካመነባት ትገባለች ብዬ።»

አጥብቆ ቢለምናቸውም ያንኑ መለሱለት።

የሚያሻግራት ደላላ በቀጠራት ጠዋት የባቲ መንገድ ዳር ድረስ በባጃጁ ወሰዳት። አሸዋውን ደፍቶ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ውሃ ሞልቶላታል፤ ቦርሳው ቀለላት። ደላላው መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሟል።

«አፉ በለኝ፣ ወንድምዓለም፤ ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ» አለችው።

«አፉ ብዬሻለሁ። አንቺም አፉ በይኝ።»

«ምን አድርገኸኝ? አብሽር፣ እደውላለሁ» አለችና ወረደች።

ሞተሩን ሳያጠፋ ጀርባዋን ተከትሎ አየ። ሊጠራት አፉን ከፈተ። ብትዞር፣ ያስተማራት ሁሉ ውሃ በልቶት በረሃ ላይ ትቀርበታለች። ባትዞር ደግሞ ያንን ጀርባ ሁለተኛ ማየት አይችልም። አፉን መልሶ ዘጋ። ዊዳድ አንድ እግሯን መኪናው ላይ አድርጋ፣ ማሰሪያውን በሁለት እጇ እንደያዘች ትንሽ ቆየችና ገባች።

መኪናው በር ላይ የቆየችው ይጠራኛል ብላ ይሁን አይሁን፣ እስከ ዛሬ አያውቅም።