የሚስ ሊላ የጡረታ ደብዳቤ

ሁለት የነፍስ አባቶች ቀብሬአለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከእህቴ ጋር መኳረፌን ሁሉ ይዘውልኝ ሄደዋል። ይህን ግን አንዳቸውም አልሰሙም። አንተ የምታነበው ሰው ካህን አይደለህም፤ ስገጂ ጹሚ ብለህም አታዝዘኝም። ላንተ መንገሩ የቀለለኝ ለዚህ ነው።

ደብዳቤ ደብቄአለሁ። የሰው ጡረታ ያለበት ደብዳቤ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አውሮፕላን ሲነሣ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ይቆማል፤ ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። የጽሕፈት መኪናው፣ ማኅተሙና የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበሩ። ለትምህርት ቤቱም ለመምህራኑም የሚመጣው ደብዳቤ በዚያው በአንድ ሣጥን ነው የሚገባው። ዓርብ ዓርብ ሄጄ የማመጣው እኔ ነበርኩ።

ሚስ ሊላ የፊዚክስ መምህርታችን ነበረች፤ ሕንዳዊት፣ ባልዋ የሞተባት፣ በፀሐይም በዝናብም ጃንጥላ የማይለያት ሴት። በአገሯ ለብዙ ዓመታት የመንግሥት መምህርት ነበረች። እዚህ ያስተማረችባቸው አምስት ዓመታት ለጡረታዋ የሚቆጠሩላት መዋጮው ከተከፈለላት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ሊከፍልላት በውሏ ላይ ተስማምቶ ነበር፤ ውሉን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። የቀረው ከአገሯ የሚላክ ቅጽ ነው። እሱን ሞልተን፣ ማኅተም አሳርፈን፣ በሦስት ወር ውስጥ መመለስ ነበረብን።

እኛስ? ያኔ የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም። የእሷን እርጅና በገዛ ጣቶቼ ስጽፍ ስለ እኔ እርጅና የተጻፈ አንድ መስመር አልነበረም።

ስለዚህ ጠየቅኩ። የሚስ ሊላ የሥራ ዘመን ሊያልቅ ሲቃረብ፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ዳይሬክተርም የነበረው ሰው መምህራን ክፍል ገብቶ መዋጮዋን እንደሚከፍልላት አበሰረን። ያኔ እርስዎ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም።

«ጋሼ፣ የእኛስ ጡረታ ነገር?» አልኩ።

«ዘነቡ ደግሞ! የሐበሻ ጡረታው ልጁ አይደል እንዴ? ውለጂያ!»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሦስት ጊዜ ጸንሼ ሦስቱም አልቆሙልኝም። የሦስተኛውን የሕመም ፈቃድ የፈረመልኝ ራሱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሚስ ሊላም ሳቀች።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ። አምስት ዓመት ኖራ አማርኛዋ ከሰላምታና ከገበያ ብዙም አላለፈም።

«ምንም» አልኳት።

ሰው ስለሳቀ ሳቀች እንጂ ነገሩ አልገባትም። ይህን ዛሬ አይደለም የማውቀው፤ የዚያኑ ዕለት አውቄዋለሁ።

ቅጹ በሁለተኛው ዓርብ መጣ። የላኪው ቢሮ ስም ፖስታው ላይ ስለነበረ መክፈት አላስፈለገኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሌሎቹን ደብዳቤዎች አደልኩ፣ እሱን አላወጣሁም። ሰኞ እሰጣታለሁ አልኩ። ሰኞም አልሰጠሁም።

በየዓርቡ ትመጣለች። «ወይዘሮ ዘነበች፣ ደብዳቤ አለ?»

«የለም።»

አንድ ቀን ዘበኛችን ጋሽ ሸምሱ ይህን ሰማና «ሚስ፣ ደብዳቤሽ በእግሩ ነው መሰል የሚመጣው! ገና የመን አልደረሰም!» አላት። እሷ እንደ ልማዷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እኔ ግን ገብቶኝ ነው የሳቅኩት።

ዳይሬክተሩም አንድ ጊዜ ጠየቀኝ። አልመጣም አልኩት። «እንግዲህ ያለ ቅጹ ምን ላድርግላት» ብሎ ተወው። ሦስቱ ወር አለፈ፤ ሚስ ሊላም ውሏን ጨርሳ አገሯ ገባች።

እስከዚህ ያለውን ንዴት ነው ልትልልኝ ትችላለህ። ቆይ፣ አልጨረስኩም።

በዓመቱ በስሜ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ በዚያው ሣጥን። «ቢሮው ቅጹን ልከናል ይላል፤ አምስቱ ዓመታት አልተቆጠሩልኝም፤ ጡረታዬ ስለማይበቃኝ በዚህ ዕድሜዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ የሰው ልጅ አስጠናለሁ፤ ምናልባት የሌላ ሰው ሣጥን ገብቶ እንደሆነ የፖስታ ቤቱን ሰዎች ጠይቂልኝ፤ ከተገኘ ዘግይቶም ቢሆን እንቀበላለን ብለውኛል።» መጨረሻው ላይ፣ «አንቺ ከፈለግሽው አይጠፋም» ይላል።

ፖስታው ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ማኅተሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ዳይሬክተሩም ይፈርም ነበር። ግን እስካሁን የት ነበር ቢለኝስ? ከሥራ እባረራለሁ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ወረቀት አስገብቼ «ፈልጌ አጣሁት፤ አዝናለሁ» ብዬ መታሁ። ቴምብሩን በገዛ ምላሴ አርጥቤ ለጠፍኩት።

የፊተኛውን በንዴት ሠራሁት። ይኼኛውንስ? ሁለት ቀን ሙሉ ንዴቴ የት ነበር? ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የላክሁት እኔ ነኝ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። ዳውላው እሷ ነበረች። አህያው ዛሬ ኢምፔሪያል አካባቢ ፎቅ አለው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ዘነቡ፣ አለሽ እንዴ?» ይለኛል። አለሁ። ገርጂ፣ በወንድሜ ልጅ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ አለሁ፤ ያለ ልጅ፣ ያለ ጡረታ። እሱን ይቅር አላልኩትም፤ ቄስ ቢያዝዘኝም አልለውም።

ሚስ ሊላንም ይቅርታ አልጠየቅኳት። አድራሻዋ አለኝ፤ ፖስታውም እንደታሸገ አለ። በሕይወት ካለች፣ እንደማውቃት ከሆነ፣ ይቅር ትለኛለች። ዓመታቷን ወስጄ በላዩ ላይ ይቅርታዋንም ልውሰድ? አልወስድም።

አንተም «እሱ ባይናገርሽ ኖሮ» ብለህ እንዳታጽናናኝ። ተናግሮኛል፤ እስክሞት አልረሳለትም። የሣጥኑ ቁልፍ ግን በእሱ እጅ አልነበረም።