አባቴ ከሞተር የወረዱበት ቀን

ሞተር ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ግሪክ አገር፣ የባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ለትምህርት ተልኬ ሁለት ዓመት ስቀመጥ አንድ የክፍል ጓደኛዬ በበዓል ቀን ከኋላው አስቀምጦኝ የጠረፉን መንገድ ይዘን እንወጣ ነበር። መንገዱ የገደሉን ወገብ ይዞ ይጠማዘዛል፤ ከታች ባሕሩ፣ ከላይ የወይራ ተክሉ፣ በየመታጠፊያው ደግሞ በኖራ የነጣች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። የመጀመሪያዋን ሳይ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። አቆመ፤ ወርጄ ተሳልሜ ተመለስኩ። ሁለተኛዋም ላይ እንዲሁ። ሦስተኛዋ ላይ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ለሁሉም ከወረድክ በሳምንትም አንደርስ፤ እየሄድክ አማትብ!»

ደነገጥኩ። እኛ አገር በቅሎ ላይ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ይወርዳል፤ ሳይወርድ የሚያልፍ ጥጋበኛ ነው። ግን ሰው የማይለምደው የለም፤ ለመድኩ። ራሴ መንዳት ስጀምርማ በአንድ እጄ እያማተብኩ በሌላው መታጠፊያውን እዞር ነበር። በኋላ ማማተቡንም ተውኩት።

አገሬ ስመለስ ቢቸና የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ፤ መሥሪያ ቤቱም ሞተር ሰጠኝ። አባቴ እዚያው ቢቸና ቄስ ነበሩ። ሞተሯን አንድ ቀን እንኳ ቀርበው አልነኳትም።

አንድ የበጋ ማለዳ አንድ ነጋዴ ከሞጣ መልእክት ይዞ መጣ። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ በጠና ታማለች፤ «ሳልሞት ይምጣልኝ» ብላለች። ሁለቱ ከተኳረፉ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ባሏ ሲቀበር አባቴ ወንዝ ሞልቶባቸው ሳይደርሱ ቀሩ። እሷ ግን ንቆኝ ነው ብላ ቆረጠች፤ ከዚያ ወዲያ ስማቸውንም አትጠራ።

በበቅሎ ሞጣ ሁለት ቀን ነው። አባቴ ሞተሯን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ይቺ ዛሬውኑ ታደርሰናለች?»

«ዛሬውኑ እንገባለን አባባ።»

ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ ጋቢያቸውን ታጥቀው ከኋላዬ ተቀመጡ።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሞተሯን ላበርድ ቆምኩ። ወርደው ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙና ተመለሱ። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ለሞተሯ ብዬ መቆሜን አልነገርኳቸውም። ምነው በነገርኳቸው!

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ደስ ብሎኝ ፍጥነት ጨመርኩ፤ ስለዚያ ባሕር፣ ስለዚያ የገደል መንገድ፣ ዳር ላይ ሎሚ ስለሚሸጡት ሴቶች እየጮህኩ አወራላቸው ገባሁ። በግራ በኩል በጽድ የተከበበች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እኔ አላየኋትም። ድንገት ሞተሯ ቀለለችኝ። ዞር ስል ከኋላዬ ሰው የለም።

አባቴ፣ በቅሎ ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ ሊሳለሙ ወርደዋል።

ክው አልኩ። እንዴት እንዳቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮጬ ስደርስ አቧራው ላይ ወድቀዋል፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። «ምን ነካዎት አባባ! ምን ነካዎት!» እላለሁ ደጋግሜ። እሳቸው መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ጽዱ መልሰው አማተቡ። ከዚያ «እዚህስ አትቆምም እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ገርሟቸው ነው።

ከእርሻቸው ሮጠው የመጡ ገበሬዎች ቃሬዛ ሠርተው ወደ ወጌሻ ሊወስዷቸው ተነሡ። ልከተል ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። «እኔ ሰው አለኝ። አንተ ሂድ፣ ሳትሞት ድረስባት። እየመጣ ነበር በላት፤ እግሯን ስመህ ይቅር በይው በላት።»

ሞጣ ስገባ አክስቴ በትራስ ተደግፋ በሩን በሩን ታያለች። ንጹሕ ነጠላ አልብሰዋታል። እኔን አልፋ ከኋላዬ ተመለከተች።

«የታል?»

እግሯን ስሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ አብረን እንደተነሣን፣ በሩጫ ላይ ካለ ሞተር ለመሳለም እንደወረዱ፣ እግራቸው እንደተሰበረ። ሞተር አይታ አታውቅም። ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ፤ ደጋግሜ ማልኩላት።

«ወንድሜ ከበቅሎ ወድቆ አያውቅም» አለችኝ፣ ለእኔ እንደማዘን ብላ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳይመሽ አረፈች።

ከቀብሯ ስመለስ አባቴ እግራቸው በቀርከሃ ታስሮ ተኝተው ነበር። መሞቷን ሰምተዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይቅር አለችኝ?»

«አዎ አባባ» አልኳቸው።

ወዲያው አመኑኝ።