አርባኛዋ ጥያቄ

ስለ ዳሃቦ አውሪ ካላችሁኝ አወራለሁ፤ ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሳወራ እናደዳለሁ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ነገሩ ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል።

እኔ የሺመቤት እባላለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግሁት መጋላ ጫፍ፣ ከሶማሌ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ጭቃ አቡክቼ ነው፤ ሶማሊኛው እንደ አማርኛው ይቀናኛል። አድጌ እዚያው ሰፈር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆንኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሶማሊኛ የማያውቅ ሐኪም ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ እኔው ነኝ።

ዳሃቦ ቀፊራ ገበያ ሽርጥና ሻሽ ትሸጥ ነበር። መለሎ ሴት ናት፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ቢሆንም ተከራክሮ የሚረታት ደንበኛ አልነበረም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ጅጅጋ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተባት። የቀረቻት ልጇ ዐስሊ ናት።

ዐስሊ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። አትናገርም። ስሟን ብትጠሯት ዞር አትልም። ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ ባቡሩ ገና ሽንሌ አካባቢ እያለ ሰምታ እጇን ታርገበግባለች። የማታውቀው ሰው ከነካት ጩኸቷ ለጉድ ነው፤ የሻሽ ጠርዝ በጣቶቿ እያሻሸች ደግሞ ግማሽ ቀን ትቀመጣለች። ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ስም ወጥቶላቸዋል፣ ኦቲዝም ይሉታል። ያኔ ስም የለውም፤ ወይ ጂን ነው ይባላል፣ ወይ የእናትየዋ ጥፋት።

ዳሃቦን ያስጨነቃት ስሙ አልነበረም። ያስጨነቃት አንድ ነገር ነው፤ ዐስሊ ትሄዳለች። በር ክፍት ካገኘች ወጥታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ የምትሄደውም ወደ ደቻቱ አሸዋ፣ ወደ ደረቁ ወንዝ ነው። ደቻቱ ደግሞ እኛ ጋ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ድንገት የሚመጣ ጉድ ነው። ስለዚህ ዳሃቦ ገበያ ስትውል የልጅቷን ወገብ ከራሷ ወገብ ጋር በሽርጥ ታስረዋለች።

"አባዮ የሺ" ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ "ለምን እንዲህ ሆነች ብዬ አላህን አልጠየቅሁም። ስጠራት እንድትቆም የሚያደርግ ነገር ካለ እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

ምን ልበላት? እኔ የማውቀው አዮዲን መቀባት ነው።

በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ ውጭ አገር የተማረ አንድ ዶክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የማይናገሩ ልጆችን ላጥና አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ቤት ለቤት ዞሬ አሥራ አንድ እናቶች ሰበሰብኩለት። ዳሃቦ ዐስሊን አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ራሷም ኩሏን ተኩላ መጣች።

ወረቀቱ አርባ ጥያቄ አለው። ባልሽ ዘመድሽ ነው ወይ? እርጉዝ ሳለሽ ትኩሳት ይዞሽ ነበር? ልጅቷ ስንት ወር ጠባች? ጭንቅላቷ ዙሪያውን በሜትር ይለካል፤ ዐስሊ ጤና ጣቢያውን በጩኸት አናጋችው፣ እናቷ ሻሽ አስይዛ አረጋጋቻት። ሠላሳ ዘጠኙን በዚህ ዓይነት ጨረስን። አርባኛዋ፣ "በልጁ ምክንያት ቤተሰቡን የገጠመው ችግር አለ?" ትላለች።

ዳሃቦ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም ችግር የለም" አለች።

"ምንም ችግር የለም ትላለች" ብዬ ተረጎምኩ። ዶክተሩ "የለም" ብሎ ጻፈ። ቀጣይ! ፋዱሞ ገባች፣ የለም። ቱሪያ ገባች፣ የለም። አሥራ አንድ እናት፣ አሥራ አንድ "የለም"።

ስጨርስ ዳሃቦን በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

"መቼ ነው ታዲያ የሚጠይቀን?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ጉዳያችንን ነዋ!"

"ጠየቀሽ እኮ ዳሃቦ! ችግር አለ ወይ አላለሽም?"

"እሱማ ሰላምታ ነው" አለች፣ ግራ ገብቷት።

አቦ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እነሱ ዘንድ ሰው ችግርሽን ሲጠይቅሽ መጀመሪያ የምትመልሺው ምስጋና ነው፣ ቤትሽ ተቃጥሎም ቢሆን። ሻይ ይቀርባል፣ እንደገና ትጠየቂያለሽ፤ ሦስተኛው ላይ ነው ሆድ የሚከፈተው። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩን የሚዘከዝክ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ይሄን ደግሞ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ዶክተሩ ይቸኩል ነበር፣ እኔም ቀልጣፋ መባል አምሮኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ከሰዓት እናቶቹን ዳሃቦ ቤት ሰበሰብናቸው። ዶክተሩ ምን ቢያጠናላችሁ ትወዳላችሁ አልኳቸው። ወላሂ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ አይቼ አላውቅም! ፋዱሞ "ልጄ ይናገርልኝ፣ ሌላ አልፈልግም" ብላ ድርቅ አለች። ቱሪያ ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ ጥርሱ ይሁን ሆዱ ሳታውቅ እንደከረመች ነገረችን፤ የሚያመውን ቦታ የሚያሳይበት ዘዴ ነው የምትፈልገው። አሮጊቷ ዓምራን ልጃቸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። "እኔ ስሞት ማን ያጎርሰዋል?" አሉ። ፋዱሞ አሁንም ንግግር፣ ንግግር ስትል ዳሃቦ ብው አለች።

"የሞተ ልጅ አይናገርም! መጀመሪያ በሕይወት ይቆዩልን።"

ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሆኖም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተስማሙ፤ ከሁሉ በፊት ልጆቹ ወጥተው እንዳይጠፉ፣ ቀጥሎ ሕመማቸውን የሚገልጹበት መንገድ፣ ከዚያ እናት ስትሞት የሚይዛቸው ሰው። ንግግሩም ለፋዱሞ ሲባል ገባ። ለምን እንዲህ ሆነው ተወለዱ የሚለውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ዓምራን ሳቁብኝ። "እሱን ዶክተሩ ሥራ ሲፈታ ይፈልገው" አሉ። ጻፍኩት፣ አሥራ አንዱም አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ዶክተሩን ባቡር ጣቢያ ደረስንበት። አነበበው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አልዋሽም።

"ወይዘሪት፣ ጥያቄዎቹ እኮ አዲስ አበባ ተወስነው ነው የመጡት" አለኝ። "ደግሞስ አሥራ አንዱም ችግር የለም ብለዋል። ያስተረጎሙት እርስዎ ነዎት፣ ፊርማዎ ይኸው። የቱን ልመን?"

"ይሄኛውን ይመኑ! ያኛው ሰላምታ ነው!" ብዬ ስጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እንግዲህ በሚቀጥለው እናየዋለን" ብሎ ወረቀታችንን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ተሳፈረ።

እኛም ሞኞች፣ በሚቀጥለው፣ በሚቀጥለው ስንል ከረምን። ነሐሴ ላይ ደቻቱ መጣ። ዳሃቦ ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ውዱ ልታደርግ፣ ልትታጠብ ማለቴ ነው፣ ሽርጡን ስትፈታ ዐስሊ ሾልካ ወጣች። ቡራሌ የሚባል አሸዋ ጫኝ፣ ውኃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ፣ በሹሩባዋ ጎትቶ አወጣት። እናቷ ከዳር ቆማ ድምጿ እስኪዘጋ ስሟን ትጠራ ነበር፤ ዐስሊ አንዴም ዞር አላለችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ዳሃቦ ቀፊራን አልረገጠችም። ዕቃውን ለእህቷ ተወችላት፣ በሯን ከውስጥ ቆልፋ ከልጇ ጋር ቁጭ አለች። ልጠይቃት ስሄድ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ነው የምትከፍትልኝ። ያቺን የመሰለች ነጋዴ! ንዴቴን የት ልጣለው?

በ1960 ዶክተሩ አዲስ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አልተኛሁም። በየቤቱ ዞሬ፣ "አርባኛዋ ጥያቄ ስትመጣ ምስጋናውን ተዉት፣ በሞቴ ለአንድ ቀን ባለጌ ሁኑ!" አልኳቸው። ዓምራን በሳቅ ፈረሱ። ዳሃቦ ግን አልሳቀችም። የምትናገረውን አጥንታ መጣች፤ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ዘመድ ነው ወይ? ትኩሳት? ስንት ወር? ሜትሩ ወጣ፣ ዐስሊ ጮኸች። ዳሃቦ ሁሉንም ባጭር ባጭሩ እየመለሰች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሠላሳ ዘጠነኛው አለቀ። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ዘጋና "አመሰግናለሁ፣ ጨርሰናል" አለ።

"አንድ ቀርታለች ዶክተር" አልኩት።

"የትኛዋ?"

"ችግር አለ ወይ የምትለዋ።"

"እሷንማ አወጣናት። ባለፈው ሁሉም የለም ስላሉ ጥቅም አልነበራትም።"

ዳሃቦ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ጥያቄው እንደማይመጣ ገባት መሰለኝ፣ ሳትጠየቅ ጀመረች፤ እኔን ሳትጠብቅ፣ በዚያው በገበያ አማርኛዋ።

"ዶክተር፣ እኔ ይጠራል፣ እሱ አይቆምም። ደቻቱ ሊወስድ ነበር። እንዴት ይቆማል? ይሄን ፈልግልኝ።"

ሰማት። እስክሪብቶውን መልሶ ከፈተ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ገልብጦም አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የት ልጻፈው?" አለኝ። "ቦታ የለውም እኮ።"

"ምን አለ?" አለችኝ ዳሃቦ።

ሥራዬ ነው፣ ተረጎምኩላት።